ያተመ ይብላ

በእኛ አገር ታሞ የዳነ ሰው የሚታወቀው በመወፈሩ ነው። ይህን ማን እንደ ደነገገው አይታወቅም፤ የሚጠይቅም የለም። ማገገሚያ ቤቶች ሁሉ በራቸው ላይ ትልቅ ሚዛን ሰቅለዋል። ሕመምተኛ ሲገባ ይመዘናል፣ ሲወጣም ይመዘናል። ከብዶ ከተገኘ ከበሮ ይመታለታል፣ ዘመዶቹም እልል እያሉ ይወስዱታል። ቀልሎ የተገኘ ግን ቢስቅም ቢዘልም እንዳልዳነ ይቆጠርና በጓሮ በር አሹልከው ያወጡታል።

የአቶ ደርበው ማገገሚያ ቤት የጓሮ በር አልነበረውም። ኩራቱ ይኸው ነበር። "ከኔ ቤት ቀልሎ የሚወጣ ስለሌለ በሩ አላስፈለገኝም" ይላል። ውሸት አልነበረም። ገንፎው ቅቤ ውስጥ ሰጥሞ ነው የሚቀርበው፤ ማሩ በጭልፋ ነው። "ደርበው ቤት የገባ ተደርቦ ይወጣል" ይባል ነበር። እሱ ራሱ ክብ፣ ሳቂታ፣ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆም ብሎ የአየሩን ጥሩነት የሚያወራ ሰው ነበር።

ነገር የመጣበት ከመንገዱ ማዶ ነው። ማዶ ያለውን ማገገሚያ ቤት የምታስተዳድረው ወይዘሮ ትብለጥ አንድ ቀን የሥነ ምግብ ባለሙያ ቀጠረች፤ ያውም ባለማኅተም። በአገራችን ጤና ነክ ሙያ ያለው ሁሉ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ምሎ ከማኅተም ቤት የራሱን ማኅተም ይቀበላል። የሥነ ምግብ ባለሙያ ማኅተም የሚያርፈው ሊጥ ላይ ነው። ሕመምተኛው ምን እንደሚበላ ባለሙያዋ ትወስናለች፤ ወጥ ቤቱ ይሠራል፤ ድስቱ ተከድኖ ዙሪያው በሊጥ ይመረግና ሊጡ ላይ ማኅተሟን ታሳርፋለች። ባለማኅተም ባለችበት ቤት ያልታተመ ድስት ለሕመምተኛ አይከፈትም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ አቶ ደርበውን ባገኘው ቁጥር "አንተስ ቤት ባለማኅተም የለችም እንዴ?" ይለው ጀመር። ሲበዛበት ሊቀጥር ተነሳ። ሥራ ፈላጊዎቹ ተሰልፈው ቆሙ።

"ማን ትባያለሽ?" አላት የመጀመሪያዋን።

"ማንጠግቦሽ።"

አቶ ደርበው የያዘውን ብዕር አስቀመጠ። "የምግብ ባለሙያ ሆነሽ ስምሽ ማንጠግቦሽ?"

"እናቴ ያወጣችልኝ ነው።"

"እናትሽ አርቃ የምታይ ሴት ናት። ነገ ጀምሪ።"

"ማኅተሜን አያዩትም?" አለች። "መታደስ አለመታደሱንስ ማኅተም ቤት ሄደው አይጠይቁም?"

"ስም ከሰማይ ነው የሚወጣው" አለና የቀሩትን አሰናበተ። በማግሥቱ ከሚዛኑ በላይ ስሟን በትልቁ አጻፈ።

ማንጠግቦሽ ቀጠን ያለች፣ ረጋ ያለች፣ ስትጠየቅ ከመመለሷ በፊት ትንሽ ዝም የምትል ሴት ነበረች። ያቺን ዝምታ አቶ ደርበው መስማማት ትመስለው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸውን ታመሙ።

"ንቀይላቸው" አላት።

"እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም።"

"ጥርስ ምን ያኝካል?"

"ምግብ።"

"አንቺ የምን ባለሙያ ነሽ?"

"የምግብ።"

"እንግዲህ" አለ አቶ ደርበው፣ ክርክር እንደረታ ሰው።

አልነቀለችም። ሽማግሌውን ደግፋ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አደረሰቻቸው። የታመመ ወገብ እንድታሽ ስትታዘዝም እምቢ አለች። ከወጥ ቤት ሠራተኞች አንዷን ምጥ ሲይዛት "ሆድ አይደል እንዴ?" ተባለች፤ አዋላጅ አስጠራች። በየወሩ ማኅተም ቤት ከሙያ ባልደረቦቿ ጋር የምትማማርበት ቀን እንዳለ፣ ካልሄደች ማኅተሟ እንደማይታደስ ነግራው ፈቃድ ስትጠይቀው ደግሞ አቶ ደርበው ከልቡ ግራ ተጋባ።

"የምታውቂ ከሆነ ለምን ትማሪያለሽ? የማታውቂ ከሆነ ለምን ቀጠርኩሽ?"

የመማማሪያው ቀን ሲደርስም እንግዶች እንዲያዩዋት በር ላይ፣ ከስሟ ሥር አቆማት።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለቤቱ ጌጥ የገዛ ሰው ጌጡ አፍ አውጥቶ ሲናገር ግር ይለዋል፤ እሱንም ግር ብሎት ነው።

በዚህ መሐል ሹም መንበሩ የሚባሉት የጥላ ሹም በቃሬዛ መጡ። በከተማችን የጥላ ሹም ሥራው የገበያውንና የመንገድ ዳሩን የዛፍ ጥላ ለሕዝብ ማከፋፈል ነው። ጥላ ከፀሐይ ጋር ስለሚዞር ሹሙም አብሮ መዞር አለበት። ሹም መንበሩ ግን ከተሾሙ ወዲህ እየከበዱ፣ ስኳራቸው እየናረ፣ እግራቸው እያበጠ ሄዶ መዞር ተሳናቸው። ጠዋት የተደለደለው ጥላ እኩለ ቀን ላይ ቦታ ይለቃል፤ ድልድሉ ግን እዚያው ይቀራል። ሰዉ በተመደበለት ቦታ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ጥላው አጠገቡ ባዶውን ይውል ነበር። ድልድል ነውና ማንም ፈቀቅ አይልም።

ሹሙ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ገመዱ አቃሰተ። አቶ ደርበው ደስታውን አልቻለውም። እኚህን የሚያህሉ ሰው ይበልጥ አክብዶ ማውጣት ስሙን ከዳር እስከ ዳር ያስጠራዋል።

ማንጠግቦሽ ሹሙ አጠገብ ተቀምጣ ሐኪማቸው ምን መድኃኒት እንዳዘዘላቸው፣ መቼ እንደሚርባቸው፣ ምን እንደሚወዱ ጠየቀቻቸው።

"ምን ትከለክለኝ ይሆን ብዬ ነበር የፈራሁት፣ ልጄ" አሉ። "አንቺ ደግሞ የምወደውን ትጠይቂኛለሽ።"

"የሚወዱትን ካላወቅኩ የማዝዘውን አይበሉልኝም።"

ሹሙ ግራ ቀኙን አዩና ሽሮና ጎመን እንደሚወዱ፣ ከተሾሙ በኋላ ግን ሽሮ ለሹም አይገባም ተብለው እንደተዉት በለሆሳስ ነገሯት።

ሽሮውም ጎመኑም መጣ፤ ምስሩ ተጨመረ፤ እንጀራው በልክ ሆነ። ከምግብ በኋላ ግቢው ውስጥ ትንሽ ትንሽ መራመድ ታዘዘላቸው። ውሎ አድሮ የእግራቸው እብጠት ጎደለ፣ ዓይናቸው ጠራ። ግቢው ውስጥ አንድ ዋንዛ አለ። ሹሙ የዋንዛውን ጥላ እየተከተሉ ቀኑን ሙሉ ይዞሩ ጀመር፤ ጥላው ወደ አጥሩ ሲሄድ ወደ አጥሩ፣ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ወደ ጉድጓዱ። ቀበቷቸውም አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፤ ወደ ውስጥ።

አቶ ደርበው ቀዳዳውን ባየ ጊዜ ማንጠግቦሽን አስጠራት።

"ሹሙ እየቀለሉ ነው።"

"አዎ፣ ደስ ይላል።"

"ከበሮ መቺው ምን ሊያደርግ ነው? ለቀለለ ሰው የሚመታ ምት እኮ አያውቅም።"

"ስኳራቸው ወርዷል፣ አቶ ደርበው።"

"በቤቴ በር ላይ የሚመዘነው ስኳር ሳይሆን ሰው ነው። ከነገ ጀምሮ በማር የታሸ ጭኮና ብርዝ ይቅረብላቸው። አትሚበት።"

ትንሽ ዝም አለች። አቶ ደርበው የተስማማች መስሎት ሊነሳ ሲል፣

"አላትምም" አለች።

"የቀጠርኩሽ እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ ነዎት። ስንት ሰዓት እንደምገባ ያዙኛል፣ የት እንደምቀመጥ ያዙኛል። ይኼን ግን ማዘዝ አይችሉም። እሳቸውን ብጎዳ እኔ ነኝ የምጠየቀው፤ 'ጌታዬ አዘውኝ ነው' ማለት አልችልም።"

አቶ ደርበው በሐሳብ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አልነበረም፤ ተኝቶ አደረና ማለዳ መፍትሔ ይዞ ተነሳ። ማንጠግቦሽን "ዛሬ እንግዶች ስላሉ በር ላይ ቁሚ" ብሎ ላካት። ከዚያ ክፍሏ ገባ። የማኅተሟ ሳጥን ተቆልፏል። ሳጥኑ ያለው ግን በእሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጠረጴዛው በእሱ ክፍል፣ ክፍሉም በእሱ ቤት። ይህን በልቡ አውጥቶ አውርዶ ቁልፉን ሰበረው።

ወጥ ቤት ወርዶ ጭኮውን በማር አሳሽቶ፣ ድስቱን አስመርጎ፣ ሰው ዞር ሲልለት በገዛ እጁ አተመበት። "የሹሙ ምሳ ነው" አለው ዋናውን ወጥ ሠሪ ጎሹን። ጎሹ ማኅተሙን አየ፤ ያተመውን እጅ አላየም።

አቶ ደርበውም ማኅተሙን ኪሱ ከትቶ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ማኅተም ቤት ወረደ። ሐሳቡ ሁለት ነገር ነው፤ የማትታዘዘውን ሴት መክሰስ፣ ማኅተሙንም በስሙ ማዛወር።

እዚያ ወረፋ ብዙ ነው። ተራው ሲደርስ የገባበት ክፍል ውስጥ ሁለት መቀመጫ አገኘ፤ አንድ ባለመደገፊያ ወንበርና አንድ ዝቅ ያለ በርጩማ። ፊት ለፊት የማኅተም እናት የሚባሉት አሮጊት የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ተቀምጠዋል። አቶ ደርበው ወደ ወንበሩ ሄደ።

"እሱ የባለሙያው ነው" አሉት። "ቀጣሪ የሚቀመጠው በርጩማው ላይ ነው።"

"እኔ እኮ ከሳሽ ነኝ፣ እናቴ።"

"ቀጣሪ ሆኖ ከሳሽ ያልሆነ መጥቶ አያውቅም። ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። በርጩማው ለእሱ ጠበበ።

"ስትቀጥራት ማኅተሟን አየህ?"

"ስሟን ሰማሁ።"

"መጥተህ እኛን ጠየቅክ?"

"አልጠየቅኩም።"

"አስመሳይ ብትሆንስ ኖሮ?"

"ማንጠግቦሽ እኮ ነው ስሟ።"

የማኅተም እናት ማኘካቸውን አቆሙ። "እኔ ደስታ እባላለሁ" አሉት። "እስካሁን ደስ አሰኝቼሃለሁ?"

አቶ ደርበው በርጩማው ላይ ተቁነጠነጠ።

"በመማማሪያው ቀን የቀረችው ለምንድን ነው?"

"በር ላይ ቆማ ነበር።"

"ምን ትጠብቃለች?"

"ስሟን።"

"ሲቸግራት የምታማክረው የሙያ ታላቅ አበጅተህላታል?"

"እኔ አለሁላት።"

"ጥርስ ንቀይ ብለሃታል ብሎ ጥርስ ሐኪሙ ነግሮናል። እውነት ነው?"

"ጥርስ ምግብ ያኝካል ብዬ ነው" አለ። ቤቱ ሆኖ ሲናገረው የተሻለ ነበር። ላቡን ጠረገ። "እናቴ፣ እኔ የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው። ቤቱ የኔ ነው፣ ድስቱ የኔ ነው፣ ሊጡም የኔ ነው። ማኅተሙ ብቻ የሷ ሆኖ ተቸገርን። በስሜ ይዛወርልኝ።" ይህን ብሎ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ።

አሮጊቷ ማኅተሙን አዩት እንጂ እጃቸውን አልዘረጉም።

"ይኼ አንተ ኪስ ከዋለ፣ ዛሬ ቤትህ ያለውን ድስት ማን አተመው?"

"እኔ።"

"ምን አለበት?"

"በማር የታሸ ጭኮ።"

"ለማን?"

"ለጥላ ሹሙ።"

"ሹሙ ምን ነበር የሚያማቸው?"

አቶ ደርበው አፉን ከፈተ። "ስኳር" አለ። ቃሉን ስንት ጊዜ ብሎት ያውቃል፤ ትርጉሙ ጆሮው የገባው ግን ገና አሁን ነው።

"ምሳ ሰዓት አልፏል" አሉ የማኅተም እናት።

ብድግ ሲል በርጩማው አብሮት ተነሳ፤ በሩ ላይ ነው የለቀቀው። እኔ በዚያ ሰዓት ገበያው ውስጥ በተመደበልኝ ጥላ፣ ማለት ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነበር። አቶ ደርበው ዳገቱን በሩጫ ሲወጣ አይቻለሁ። ስለ አየሩ አንድም ቃል አልተናገረም።

ግቢው ሲደርስ ሰው ዋንዛው ሥር ተሰብስቧል። ሹሙ ተጋድመዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ውኃ ውኃ ይላሉ፣ አንደበታቸው ተሳስሯል። ማንጠግቦሽ ገና ሲጀምራቸው ነበር ሐኪማቸውን ያስጠራችው፤ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ መርፌውን እያዘጋጀ ነው። ጎሹ ባዶውን ድስት ታቅፎ "ማኅተም ነበረው፣ እኔ ማኅተሙን ነው ያየሁት" ይላል ደጋግሞ።

"ይኼን ለስኳር ሕመምተኛ ያተመው ማነው?" አለ ሐኪሙ፣ ቀና ሳይል።

ሁሉም ወደ ማንጠግቦሽ ዞረ። ከድስቱ ጠርዝ ላይ የተረፈውን ሊጥ አንስታ አየችው።

"ማኅተሙ የኔ ነው" አለች። "እጁ ግን የኔ አይደለም።"

ማንም ያመናት አይመስልም። ከሰዉ በስተኋላ ቆሞ የሚያለከልከውን አቶ ደርበውን ያየው የለም። ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ቢል ማኅተሟን ታጣለች፣ ቤቱ ስሙን አያጣም፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ይህ ሁሉ በሐሳቡ አልፏል፤ ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ግን በር ላይ ቆማ የዋለችውን፣ ድስቱን በእጇ ያልነካችውን ሴት ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያያት ማየት አልቻለም።

"እኔ ነኝ ያተምኩት" አለ። "ሳጥኗን ሰብሬ። እሷ እምቢ ብላኝ ነበር።"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አንዴ አየውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ወደ ማታ ሹሙ ነቃ አሉ፤ ማን እንደሆኑና የት እንዳሉ በትክክል ተናገሩ። ጭኮው ጣፋጭ እንደነበርም አልካዱም። አቶ ደርበው ይህን ሲሰማ አንድ ጥግ ሄዶ አለቀሰ። ከዚያ ማኅተሙን በሁለት እጁ ይዞ ማንጠግቦሽ ፊት ቆመ።

ማኅተሙን ጎንበስ ብላ አየችው። "አጥበው ይስጡኝ" አለችው። "ማር አለበት።"

ወጥ ቤት ገብቶ ራሱ በሙቅ ውኃ አጠበው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የማኅተም እናት ቆሏቸውን በመሐረብ ቋጥረው፣ በበቅሎ መጡ። ሰው በተሰበሰበበት ፍርዱን አሰሙ። ሕጉ የጥንት ነው፤ ያተመ ይብላ ይላል። ስለዚህ አቶ ደርበው ክረምት እስኪገባ ድረስ በየቀኑ አንድ ድስት በማር የታሸ ጭኮ ከብርዝ ጋር ይበላል። አቶ ደርበው አንገቱን ደፋ፤ በልቡ ግን ሕጉ እንደሚወራለት ጨካኝ እንዳልሆነ አሰበ።

"ድስቱ መታተም አለበት" አሉ አሮጊቷ። "ማንጠግቦሽ፣ አትሚለት።"

ትንሽ ዝም አለች። አሁን ዝምታዋን የሚያውቀው አቶ ደርበው ቀና አለ።

"አላትምም፣ እናቴ።"

"ምን አልሽ?"

"አቶ ደርበው ደረጃ መሐል ላይ የሚቆሙት አየሩን ወደው አይደለም፤ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ነው። ልባቸውና ስኳራቸው በሐኪም ሳይታይ ይኼን አላትምላቸውም።"

"ቅጣት ነው እኮ ልጄ፣ ሕክምና አይደለም።"

"ሰውነታቸው ቅጣት ነው ብሎ አይተወውም።"

"ማኅተሙን የሰጠንሽ እኛ ነን።"

"እናንተ ናችሁ። ስትሰጡኝ ያስማላችሁኝም እናንተ ናችሁ።"

የማኅተም እናት አንዲት ፍሬ ቆሎ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ። ከዚያ መሐረቡ ከጉልበታቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። "አንተ ደርበው" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "ይቺን ነው በስሟ የቀጠርካት?"

አቶ ደርበው አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እሺ ሲለው ኖሯል፤ ምግብ ሲያቀርብም እሺ፣ ሲያዝም እሺ። ለእሱ ብሎ እምቢ ያለለት ሰው ግን አያስታውስም። ምን እንደሚባልም ስላላወቀ "እግዜር ይስጥልኝ" አላት፣ ቀስ ብሎ።

ቅጣቱ ተቀየረ። በየወሩ፣ ባለሙያዎቹ በሚማማሩበት ቀን እሱም ከማንጠግቦሽ ጋር ወርዶ፣ እሷ በአንዱ ክፍል ስትማር እሱ በሌላው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቀጣሪን ግዴታ ይማራል። በመጀመሪያው ቀን ሲገባ ወይዘሮ ትብለጥ ቀድማው ተቀምጣ አገኛት። እሷ የቀጠረቻት ባለሙያ ማኅተም ደግሞ ሳይታደስ መክረሙ ተደርሶበት ነው። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሁለተኛው ወር ቆሎ ተካፈሉ።

ሹም መንበሩ የሚወጡበት ቀን ደረሰ። ሚዛኑ ላይ ወጡ፤ ከገቡበት ብዙ ቀለሉ። ከበሮ መቺው ዱላውን አንስቶ አቶ ደርበውን አየ።

"ምታ እንጂ።"

"የቱን?"

"የምታውቀውን።"

መታ። ሰው እልል ለማለትና ለማዘን ሲያመነታ፣ ሹሙ ቃሬዛውን ትተው በእግራቸው ከግቢው ወጡ። አቶ ደርበው ሊሸኛቸው አብሮ ወረደ፤ ማንጠግቦሽ መድኃኒታቸውን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ሹሙ እግረ መንገዳቸውን ያገኙትን ሰው ሁሉ "ፈቀቅ በል፣ ጥላህ ሄዷል" እያሉ ያስነሱ ነበር። ገበያው ዳር ሲደርሱ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ።

"ደርበው፣ ራበኝ" አሉ። "ምን ልብላ?"

አቶ ደርበው አፉን ከፈተ። ገንፎው፣ ቅቤው፣ ማሩ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰለፈ። አፉን መልሶ ገጠመ።

"እሷን እንጠይቃት። እየመጣች ነው።"

"ቤቱ ያንተ አይደለም እንዴ?"

"ቤቱማ የኔ ነው" አለና አጠገባቸው ተቀመጠ። "ይኼ ግን የሷ ነው።"

ሁለቱም ዳገቱን እያዩ ጠበቋት።